ከዕቁብ ጎን የሚቆም የዕለት ብድር
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጓዳ ጉዳይ ነው። ከመካከላችን ዕቁብ የሚጥለው ሰው ብዙ ነው። ተራው ሲደርስ ልብስ ይገዛል፣ ስልክ ይለውጣል፣ ለቤተ ሰብም ይልካል። ተራው እስኪደርስ ግን ዘይት ያልቃል፣ ሳሙና ያልቃል፣ ጽሑፍ የሚባዛበት ገንዘብ ይጠፋል። እንግዲህ ዕቁብ ያለው ሰው ለዕለት ችግሩ ከዕቁቡ ጎን የትኛውን ብድር ቢይዝ ይሻለዋል? ነገሩ ጥቃቅን መስሎ የታያችሁ እንደሆነ ጥቂት ታገሡኝ።

ይህን ጥያቄ በባሕር ማዶም ይጠይቁታል። በአሜሪካ አገር ብዙ ሰው ሁለት የዱቤ ካርድ ይይዛል። አንደኛው ዕቃ በተገዛበት ቁጥር ነጥብ የሚያጠራቅም፣ ነጥቡም ሲበዛ የአውሮፕላን ቲኬት የሚሆን ነው፤ ሁለተኛው ለዳቦና ለወተት የሚመዘዝ ተራ ካርድ ነው። የነገሩ ጥንት ሩቅ አይደለም። ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ በኒው ዮርክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። በ1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ለ60,000 ያህል ሰዎች ሳይጠይቁት ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ኋላ በ1976 ቪዛ የተባለው ይኸው ካርድ ነው።

ሽልማቱ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ባለሱቁ በካርድ ከሸጠው ዕቃ ሁሉ ለባንኮች ጥቂት ይከፍላል፤ ያንኑ መልሶ በዋጋው ላይ ይጨምራል። ከዚህም በላይ ዕዳውን በጊዜው ያልዘጋ ሰው ወለድ አለበት፤ ወለዱም በቅርብ ዓመታት በዓመት ከመቶ 20 አልፏል። የብዙው ካርድ ሽልማት ግን ከመቶ 1 ወይም 2 ነው። ስለዚህ ዕዳውን እያሳደረ ነጥብ የሚለቅም ሰው በአንድ እጁ ሳንቲም እያነሣ በሌላው ብር ይጥላል። ብልህ ሰው ሁለተኛውን ካርድ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ብዘገይ ምን ይደርስብኛል?» ብሎ ነው። ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ ጎንደር እንመለስ።

እኛ በኪሳችን የምንይዘው የባንክ ካርድ በመልኩ ያንን ይመስላል እንጂ ሥራው ሌላ ነው። የራሳችንን ተቀማጭ ከማውጣት በቀር አያበድርም። በእኛ ዘንድ የሽልማቱን ካርድ ቦታ የያዘው ዕቁብ ነው። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 200 ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ አስቡ። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው 4,000 ብር ይቀበላል፤ የጣለው ግን 200 ብር ብቻ ነው። ይኸውም 3,800 ብር ያለ ወለድ ተበድሮ በ19 ሳምንት ከፈለ ማለት ነው። የመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ በተራው ያንኑ ያህል ያለ ወለድ ሲያበድር ከርሟል፤ ኑሮ በሚወደድበት ዓመት 4,000 ብሩ እጁ ሲገባ የሚገዛው ዕቃ አንሷል። ዕጣ ሲወጣ የሰው ሁሉ ልብ የሚመታው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ዋስ ተጠርቶ፣ ዳኛና ጸሐፊ ተሰይሞ፣ ማንም ባንክ ሳይገባበት ይህን ያህል ገንዘብ መዞሩ የሚደነቅ ነገር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ዕቁብ የማይችለው ሁለት ነገር አለ፤ ከተራው በፊት አይሰጥም፣ ትንሽም አይሰጥም። ማክሰኞ ማታ ዘይት ያለቀበትን ሰው ዕቁብ አያውቀውም።

ለዚህ ማክሰኞ ጥንትም የነበረው መንገድ የባለሱቅ ደብተር ነው። ስም፣ ቀን፣ ዕቃ፣ ዋጋ ይጻፋል፤ ወለድ የለም። ወለድ የለውም ማለት ግን በነፃ ነው ማለት አይደለም። ባለሱቋ ዘይቱን በዛሬው ዋጋ ሰጥታ ገንዘቡን ከወር በኋላ ስትቀበል፣ ያንኑ ዘይት ከጅምላ ነጋዴ የምትገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው። ልዩነቱን ወይ እርሷ ትችለዋለች፣ ወይ ለዱቤ ደንበኛ ጥቂት ጨምራ ትጽፋለች። ስለዚህ ዱቤ ከመጀመራችን በፊት አንድ ቀን በጥሬ ገንዘብ ገዝተን ዋጋውን ማወቅ ይገባናል። በየሱቁ ግድግዳ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» የሚል ጽሑፍ የምናነበውም ባለሱቆች ጨክነው አይደለም፤ መነገጃቸው በደብተር ውስጥ ታስሮባቸው ነው።

የደብተሩ ትልቁ ጥቅም የሚጽፈው ሰው መሆኑ ነው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ የመጣ ተማሪ ወላጆቹ ገንዘብ የሚልኩለት ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገበያ ሲወጣ ወይም በግ ሲሸጥ ነው። ደጋው ከመኸሩ በፊት ጎተራው የሚጎድልበት ጊዜ ረጅም ነው። «እስከ ታኅሣሥ ታገሺኝ» ቢሏት ባለሱቋ ነገሩ ይገባታል፤ ምናልባት እርሷም የደጋ ልጅ ናት። ሠላሳ ቀን ቆጥሮ የሚነሣ መሣሪያ ግን ስለ አውድማ የሚያውቀው ነገር የለም።

ወደዚሁ መሣሪያ ልምጣ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን ብድር፣ «እንደኪሴ» የተባለውን ማሟያና «ሳንዱቅ» የተባለውን ቁጠባ ጨመረበት። ከሦስቱ ለዕለት ችግር የቀረበው እንደኪሴ ነው፤ ሒሳብ ስንከፍል የጎደለንን ሞልቶ ይከፍልልናል፣ ገንዘብ ሲገባልን ደግሞ ራሱ ይቆርጣል። ዋስ አይጠይቅም፣ ፊት አያይም፤ ለዓይን አፋር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለአገልግሎቱ ግን ይከፈላል። እንዲህ ያለ ክፍያ በቀን ወይም በወር ተከፋፍሎ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። በምሳሌ እንየው፤ 1,000 ብር ለአንድ ወር ተበድሮ 50 ብር የሚከፍል ሰው «ከመቶ 5 ብቻ» ይላል። በየወሩ ቢያድሰው በዓመቱ 600 ብር ከፍሏል፤ ዋናው 1,000 ብር ግን እንዳለ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በተራ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ወስኗል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን ይቀጣል። ባንኮች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ ወንጀል ሠሩ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩን በዓመት አባዝቶ ማየት የማንኛችንም ሥራ ነው።

ከክፍያው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቆረጣው ነው። አባት ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ በግ ሸጦ ገንዘብ ይልካል፤ ልጁ ሳያየው ዕዳው ይቆረጥበታል። ያ ገንዘብ የቅዳሜው የዕቁብ መጣያ የነበረ እንደሆነስ? የቅዳሜውን ለመጣል ሌላ ብድር ይነሣል፤ ያም በሚቀጥለው ገቢ ላይ ይቆረጣል። ባለሱቋ ብትሆን «ቅዳሜ ዕቁብ አለብኝ፣ ሰኞ ልስጥሽ» ሊላት ይችል ነበር።

ዳሸን ባንክ፣ ስሙን ከሰሜን ተራራችን የወሰደው፣ «ዱቤ አለ» የሚባል አገልግሎትም አቅርቧል። ስሙን ያወጣው ሰው የሱቆቹን ግድግዳ ሳያነብ አልቀረም። ዕቃውን ወስዶ ዋጋውን በወራት ከፋፍሎ መክፈል ነው፤ ለፍሪጅና ለስልክ ይሆናል፣ ለሽንኩርት አይሆንም። ይህ የዕቁብን ሥራ የሚሠራ ስለሆነ ከዕቁብ ጎን ሲቆም አያግዘውም፤ በአንድ ደመወዝ ላይ ሁለት ትልልቅ ክፍያ ይጭናል። ወደ ሥራ ለምትወጡት የዘንድሮ ተመራቂዎች ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ዕቁቡ ካለቀ በኋላ ግን የሚከለክለው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ የጎንደር ሰው ሊረሳው አይችልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ በከተማችን ውጊያ በነበረበት ሰሞን ባንክ ሄዶ ገንዘብ ማውጣት የሚታሰብ አልነበረም። በአጭር ቁጥር የሚሠራው የስልክ አገልግሎት ኢንተርኔት ባይፈልግም ኔትወርክ ይፈልጋል። ደብተርና እስክሪብቶ መብራት እንኳ አይሹም።

እንግዲህ በበኩሌ ለዕለት ችግር የምመርጠው የባለሱቅ ደብተር ነው፤ ልኩም በሚቀጥለው ገቢያችን በአንድ ጊዜ ልንዘጋው የምንችለው ያህል ይሁን። የስልኩን ብድር የምይዘው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የሚገባ የታወቀ ገንዘብ ሲኖረኝ ብቻ ነው። በተበደሩት ብር ዕቁብ መጣልን ግን ከቶ አልደግፍም። ዱቤ ቢዘገይ ከአንድ ሰው ጋር ያነጋግራል፤ ዕቁብ ቢጓደል ግን 19 ሰዎችንና አንድ ዋስ ይነካል።

አንዳንድ መምህሮቻችን «ደብተሩ ፊት ያያል» ሊሉኝ ይችላሉ። እውነት ነው። በመስከረም ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ተማሪ የሚያውቀው ባለሱቅ የለም፤ ለእርሱ ስልኩ ይሻለው ይሆናል። ለእኅቶቻችንም ደብተሩ የማይመችበት ጊዜ አለ፤ ዕዳን ሰበብ አድርጎ በሰው ነፃነት የሚገባ ባለሱቅ አይጠፋምና። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም 50 ብር ለማሽን ከፍሎ ራስን ማስከበር ይሻላል።

የቀረኝ የደብተሩ መዘጋት ነው። የባንክ ዕዳ በብድር መረጃ ተመዝግቦ ባለዕዳውን በስሙ ይከተለዋል። የሱቅ ዕዳ ግን ባለዕዳው በሰኔ ሻንጣውን ይዞ ከሄደ በኋላ እዚሁ ይቀራል። ባለሱቋ ከሳ አታስመልሰውም፤ ለመጓጓዣና ለጠበቃ የምታወጣው ከዕዳው ይበልጣል። ስለዚህ በመስከረም ለሚመጣው ተማሪ ደብተሩን ትዘጋለች፤ ያልበላውን እርሱ ይከፍላል። ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል፤ ደብተር ላይ በአንድ ሰው እጅ ብቻ የተጻፈ ዕዳ ለሁለቱም ወገን ደካማ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ባለዱቤው ሁሉ የራሱን ትንሽ ደብተር ይያዝና ዕቃ በወሰደ ቁጥር በሁለቱም ደብተር ላይ ይፈረም። የሰኔ ፈተና ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ደግሞ የማኅበሩ ተወካዮች በማራኪና በሌሎቹ ግቢዎች ዙሪያ ያሉትን ሱቆች ይጎብኙ፤ ያልተዘጋ ዕዳ ያለበት ተማሪ በምስጢር ይነገረው፤ መክፈል ያልቻለም ከባለሱቋ ጋር ቀን ይቁረጥ። ስም በሰሌዳ ላይ መለጠፍን እቃወማለሁ። ለጉብኝቱ ቢያንስ ከየግቢው ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ፈቃደኞች ከዚህ ስብሰባ በኋላ ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድትመዘገቡ እለምናለሁ።