ነዳጅ የጠጣ ሞተርና አየር የጠጣ ፓምፕ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ስለ ውሃ መሳቢያ ሞተሮች ብልሽት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ጉዳዩ ከዚህ ጉባኤ ክብር ያነሰ እንዳይመስል ሰግቼ ነበር። ስለ ታላላቅ ግድቦችና ድልድዮች በሚነገርበት መድረክ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ተሸክመው ወደ ወንዝ ስለሚያወርዷት ትንሽ የቤንዚን ሞተር መናገር ድፍረት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው አገር፣ በበጋ ወራት በወንዝ ዳር የሚለማው ሽንኩርትና ድንች ነፍሱ ብዙ ጊዜ በዚህችው ሞተር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ወደ ጥገና ቤት የሚመጡት አቤቱታዎች በአብዛኛው ሁለት ናቸው። አንዱ «ሞተሩ ነዳጅ ጠጣ፤ አልነሣም አለ» የሚል ሲሆን፣ ሌላው «ፓምፑ ያፈሳል፤ ውሃም አይስብም» የሚል ነው። እኛም ሁለቱን ለየብቻ እናያቸዋለን። ለመጀመሪያው ካንዴላ እንቀይራለን፤ ለሁለተኛው የዘንጉን ውሃ ማገጃ፣ መካኒኮቻችን «ሲል» የሚሉትን ዕቃ እንለውጣለን። ዛሬ ለማስረዳት የምሻው ግን እነዚህ ሁለት ሕመሞች በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ከአንድ ምንጭ የሚነሡ መሆናቸውን ነው። ምንጩም የአየሩ መሳሳት ነው።

ደምበጫ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አንድ ሊትር አየር በባሕር ወለል ላይ ከሚኖረው ክብደት ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ያጣል። በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው የቤንዚን ቀዳዳ ግን ፋብሪካው ለቆላ አየር የለካት ናትና የምታሳልፈውን ነዳጅ በዚያው ልክ አትቀንስም። ስለዚህ ሞተሩ ከተገቢው በላይ ቤንዚን እየተቀበለ ይሠራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ማንም ሳያጠፋ ሞተሩ የመታፈኑን መንገድ እኩሌታ ሄዷል ማለት ነው። በዚህ ላይ ኦፕሬተሩ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቾኩን ዘግቶ ገመዱን አሥር ጊዜ ቢስብ፣ ቀሪው እኩሌታ ወዲያው ይፈጸማል።

እንዲህ የታፈነ ሞተር ሲያጋጥም ገመዱን በኃይል መሳብ ነገሩን ያብሳል። የነዳጁን መክፈቻ መዝጋት፣ ካንዴላውን አውጥቶ ማድረቅ፣ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ቾኩንም ከፍቶ፣ ገመዱን ጥቂት ጊዜ በመሳብ የተጠራቀመውን ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ማስወጣት ይገባል። የሚወጣው ቤንዚን ነውና በአጠገቡ እሳትም ሲጋራም አይቅረብ። ገመዱ ጭራሽ አልሳብ ካለ ሲሊንደሩ በፈሳሽ ተሞልቷልና ማስገደድ የሞተሩን አጥንት ይሰብራል። የሞተሩንም ዘይት ማየት አይዘንጋ። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ የካርቡራቶሩ መርፌ አልዘጋ ብሎ ነዳጅ ወደ ታች ወርዷል። እንደ ወተት ከነጣ ደግሞ ከፓምፑ በኩል ውሃ ገብቶበታል። ሞተሩን በአህያ ጭነው መክፈቻውን ሳይዘጉ አቀበት ቁልቁለቱን የሚያጓጉዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ጉድ በገዛ እጃቸው ይሠሩታል።

ለዘለቄታው ግን የሚበጀው ለከፍታ ቦታ የተሠራችውን ጠበብ ያለች የነዳጅ ቀዳዳ ማስገጠም ነው። ያም ቢሆን የጎደለውን ጉልበት ሁሉ አይመልስም። እንዲህ የተስተካከለ ሞተር ወደ ዓባይ በረሃ ቢወርድ ደግሞ ነዳጅ አንሶት ይግላልና ቀዳዳዋን መልሶ መለወጥ ያሻል።

ወደ ፓምፑ እንለፍ። ፓምፕ ውሃ «ይስባል» ማለት የአነጋገር ልማድ ነው። ፓምፕ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል እንጂ፣ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው በወንዙ ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ነው። ይህ ክብደት በባሕር ወለል ላይ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ያነሣል፤ በእኛ ከፍታ ግን 8.1 ሜትር ያህል ብቻ። ልዩነቱ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲም ገደማ ነው። በመመሪያው ላይ «8 ሜትር ይስባል» የተባለ ፓምፕ ደምበጫ ሲደርስ ከ6 ሜትር በታች ነው የሚስበው። መመሪያው አልዋሸም፤ የተጻፈው ለሌላ አየር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ዓይነት ፓምፕ ትንሽ ላንሣ። የኒው ዚላንዱ ገበሬና መሐንዲስ ዊልያም ሃሚልተን፣ በአገሩ ጥልቀት በሌላቸው ወንዞች ላይ የሞተር ጀልባዎች ተሽከርካሪ መቅዘፊያ ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ቢያስቸግረው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በመቅዘፊያው ፈንታ ውሃን ወደ ኋላ የሚተፋ ፓምፕ በጀልባ ላይ ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1960 እንዲህ ያሉ ጀልባዎች የአሜሪካን የኮሎራዶ ወንዝ ገደል ሽቅብ ወጥተዋል። የዚያ ጀልባ ፓምፕ ከታች ከውሃው ጋር ነውና ውሃ ለማንሣት አይደክምም። የዘንጉ ማገጃ ቢያፈስም ውሃው ወደ ጀልባው ይገባል፤ የነጂው እግር ይርሳል፤ ስለዚህ ያውቀዋል። የእኛ ፓምፕ ግን ከወንዙ በላይ በገደሉ አፍ ላይ ተቀምጦ ስለሚሠራ፣ ከመሳቢያው ቱቦ ወገን ያለ ቀዳዳ ውሃ አያወጣም፤ አየር ያስገባል እንጂ። ይህን ማፍሰስ ዓይን አያየውም። ሰው የሚያየው ከሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ነው። ያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኋለኛው ብልሽት ነው። ማገጃው የሚቀዘቅዘው በውሃ ነውና ፓምፑ አየር ጠጥቶ በደረቁ ሲሽከረከር ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ያንጠባጥባል።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው ብል ደስ ባለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተምጫ ወንዝ ዳር የሚያለሙ ገበሬዎች በጋራ የሚገለገሉበትን ፓምፕ እንድጠግን ተልኬ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ማገጃውን ሁለት ጊዜ ለወጥሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ተቃጠለ። ሞተሩም በየጠዋቱ ነዳጅ እየጠጣ አልነሣ ይል ነበር። አንድ አረጋዊ ከመስኖው ቦይ ላይ ተቀምጠው ሲመለከቱኝ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሞተር እኮ በኅዳር አይታመምም፤ የሚታመመው በየካቲት ነው» አሉኝ። እኔም፣ «አባቴ፣ ብረት ወር አያውቅም» ብዬ ሳቅሁ። በሪፖርቴም ላይ የብልሽቱ ምክንያት «የአያያዝ ጉድለት» ነው ብዬ ፈረምሁ። በዚያ ፊርማ ኦፕሬተሩ፣ ገና ሚስት ያገባ ወጣት፣ ከሥራው ተነሣ። ሽንኩርቱም ከግማሽ በላይ ደረቀ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስጠራ ነው የሽማግሌው ቃል ትዝ ያለኝና ገመድና ሜትር ይዤ የወረድሁት። ከፓምፑ አፍ እስከ ውሃው ፊት 6 ሜትር ከ40 ሆኖ ተገኘ። በገደሉ ላይ የሚታየው የኅዳር ውሃ ምልክት ደግሞ 4 ሜትር ከ90 ላይ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ፓምፑ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል። በቱቦው ማያያዣ ላይ የነበረች የላስቲክ ስንጥቅ፣ ሸክሙ በጨመረ መጠን የምታስገባው አየር እየበዛ ሄዷል። በሥራ ላይ ሳለ በማያያዣው ላይ ውሃ ባፈስስበት፣ ፓምፑ ለጥቂት ጊዜ ድምፁን አስተካክሎ ሞልቶ ተፋ፤ ውሃው ሲያልቅ ተመልሶ ተንተፋተፈ። ያ ወጣት ውሃው በተቋረጠበት ቁጥር ሞተሩን እያጠፋ፣ ቾኩን እየዘጋ እንደገና ሲያስነሣ ነበር የታፈነው። ሦስት ያልኋቸው ብልሽቶች አንድ ነበሩ።

ላስቲኩን ለውጠን፣ በገደሉ ወገብ ላይ መደብ ቆፍረን ፓምፑን 2 ሜትር ያህል ዝቅ አደረግነው። በዚያ በጋ ማገጃው ዳግመኛ አልተለወጠም። በጥገና ቅጾቻችን ላይ የቦታው ከፍታና ፓምፑ ከውሃው ፊት ያለው ርቀት የሚጻፍበት መስመር እንዲጨመር ለማኅበሩ ያቀረብሁት ሐሳብም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ዛሬም አቀርበዋለሁ። የመጀመሪያውን ሪፖርት የሚሽር ሁለተኛ ሪፖርት ጽፌ ለመሥሪያ ቤቱ አስገብቻለሁ። ወጣቱን ግን ሄጄ ስጠይቅ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ወርዶ ነበር።