መኪናው በአንዱ፣ ባለቤቱ በሌላው

የዛሬው ወጋችን አልጋና ማብሰያ ያለውን ካምፐር መኪና በጀልባ አስጭኖ ሌሊቱን ውሃ ላይ ስለማደር ነው። መነሻችን ካርቱም ይሁን፤ በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ያለው አል-ጣኢፍ ሰፈር። ከጎንደር በመተማ በኩል ወጥቶ ካርቱም የገባ መንገደኛ ወደ ግብፅ ልሂድ ካለ፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር በረሃ አቋርጦ ዋዲ ሃልፋ ይደርሳል። እዚያ የአስዋን ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ፊት ለፊቱ ተንጣሎ ይጠብቀዋል።

ሱዳንንና ግብፅን የሚያገናኘው የቁስጡል የየብስ መሻገሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪከፈት ድረስ መኪና ይዞ የሚሻገር ሁሉ በዚህ ውሃ ማለፍ ግድ ነበረበት። የሰው መርከቡ በሳምንት አንድ ጊዜ ከዋዲ ሃልፋ ተነሥቶ በማግስቱ አስዋን ይገባ ነበር። መኪናው ግን አብሮ አይሄድም ነበር። ፖንቶን በሚሉት ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ተጭኖ፣ አንዳንዴ ከባለቤቱ በቀናት ዘግይቶ ይደርስ ነበር። ይህን መሻገሪያ ከሌሎች ሁሉ አስበልጬ የማደንቀው ስለዚህ ነው፤ ቤትን አሰናድቶ ለሌላ እጅ ማስረከብን ያስተምራል።

የመጀመሪያው ፈተና ጭነቱ ነው። ሐይቁ በኅዳር አካባቢ ይሞላል፣ በክረምቱ መግቢያ ይጎድላል። ስለዚህ ከዳር ወደ ጀልባው የሚያስገባው መሸጋገሪያ አንዳንዴ ደልዳላ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ካምፐር መኪና ከኋላ ጎማው አልፎ የሚወጣ ረጅም አካል ስላለው፣ ፊቱ ሽቅብ ሲል ኋላው መሬት ይነካል። ብልህ ሹፌር ከጎማው ሥር ሳንቃ እየደረበ አወጣጡን ያለዝባል፤ በአንደኛ ማርሽ ዝግ ብሎ ይገባል፤ በዙሪያው ስንቱ ቢጮህ የአንድ ሰው እጅ ብቻ እያየ ይነዳል።

ከቆመ በኋላ የእጅ ፍሬኑን ይስባል፣ ማርሽ ውስጥ ይተወዋል፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ያደርጋል። የጋዙን ሲሊንደር ከአናቱ ይዘጋል። ይህ ለነገ የሚባል ጥንቃቄ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 «አሥረኛው ረመዳን» የተባለ መርከብ በዚሁ ሐይቅ ላይ በእሳት ጋይቶ ከ300 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ፍሪጁንም ባዶ አድርጎ ያጠፋል፤ ለቀናት በርቶ ከሰነበተ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ፓስፖርቱን፣ ሊብሬውንና ካርኔ የተባለውን የጉምሩክ ሰነድ፣ ከመድኃኒቱ፣ ከመጠጥ ውሃውና ከብርድ ልብሱ ጋር በትንሽ ቦርሳ ይዞ ይወርዳል። ካርኔውን መኪናው ውስጥ የረሳ ሰው፣ ፖንቶኑ እስኪደርስ ወረቀቱን ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር።

የሰው መርከብ ላይ ቀድሞ የገባ በነፍስ አድን ጀልባዎቹ ጥላ ሥር ቦታ ይይዝ ነበር። ቀን የሚፋጀው ብረት ሌሊት ይቀዘቅዝ ነበርና ብርድ ልብሱ ያኔ ይፈለግ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚታለፈውን ማወቅ ደግሞ ጉዞውን ያከብረዋል። አሮጌዋ ዋዲ ሃልፋ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከውሃው በታች ናት፤ ኑቢያውያኑ ነዋሪዎቿ ቀያቸውን ለቀው ኸሽም አል-ጊርባ ሰፍረዋል። የአቡ ሲምቤል መቅደሶች ግን እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 እየተቆረጡ 65 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ እንደገና ስለተተከሉ ድነዋል። መርከቡን የተሸከመው ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በክረምት የወረደ ነው። ከዚህ ብዙው በየብስ የሚያልፍ ሹፌር አስፋልቱን ሲያይ ያመልጠዋል።

አድማጮቻችን፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ የአል-ጣኢፍ ነዋሪዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ዋዲ ሃልፋም ሽሽት ላይ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ግብፅ ለመግባት ተራ የሚጠብቁባት ከተማ ሆና ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሂዱ አልልም። ጥንቃቄው ግን የትም ይሠራል፤ መኪናውን በታኮ አግዶ፣ ጋዙን ዘግቶ፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ መሳፈር የለመደ ሰው በየትኛውም ባሕር አይቸገርም። ለሱዳን ሰላም ወርዶ መርከቡ ዳግም የሚነሣበት ቀን ሲመጣ፣ አስፋልቱ ቢያጥርም ውሃውን ምረጡ ብዬ በሙሉ ልቤ እመክራለሁ።