የዘገመ ኮምፒዩተር ሁሉ ያረጀ አይደለም



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የኮምፒዩተርን ቅንብር በማስተካከል የዕለት ተዕለት አገልግሎቱን ማቀላጠፍ የሚል ነው። ርእሱ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በገነተ ማርያምም ሆነ በአሶሳ አንድ ባለጉዳይ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ ከመሥሪያ ቤት ሲደርስ፣ «ኮምፒዩተሩ እንቢ ብሏል፤ ነገ ይመለሱ» መባል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሊዘጋ ሲቃረብ የሒሳብ ሠራተኛው ከመሣሪያው ፊት ምን ያህል ተጨንቆ እንደሚቀመጥም የገንዘብ ክፍል ባልደረቦቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ መጨረሻው ብዙውን ጊዜ ንብረት ክፍል ነው። «አርጅቷል» ተብሎ በመጋዘን ይቀመጣል፤ በምትኩም አዲስ እንዲገዛ ይጠየቃል። በበኩሌ እንዲህ ከተጣሉት መካከል ጥቂት የማይባሉት ገና ለዓመታት ሊያገለግሉ ይችሉ እንደነበር አምናለሁ። ፍርዱ የተሰጠባቸው ሳይመረመሩ ነውና።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ወፍጮ ቤት ወረፋ የቆመ ሰው እንደሚያውቀው፣ ድንጋዩ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ከሆነ እህል የሚጨመርበትን አፍ ማስፋት ዱቄቱን አያፈጥነውም። በኮምፒዩተርም ሥራው የሚያልፈው በፕሮሰሰሩ፣ በማኅደረ ትውስታው ማለትም በራሙ፣ በዲስኩና በኔትወርኩ በኩል ሲሆን፣ የጠቅላላውን ፍጥነት የሚወስነው ከእነዚህ የጠበበው ነው። የጠበበው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ፣ መሣሪያው በዘገመበት በዚያው ሰዓት የኮንትሮል፣ የሺፍትና የኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት ተጭኖ ታስክ ማኔጀር የተባለውን መስኮት መክፈት ይበቃል። የእያንዳንዱን ክፍል የሥራ ጫና ከመቶ ስንት እንደሆነ በቁጥር ያሳያል።

በየቢሮው ሲታይ በጣም የተለመደው ሁኔታ ፕሮሰሰሩ 10 ከመቶ ያህል ብቻ እየሠራ ዲስኩ 100 ላይ ተገትሮ መገኘቱ ነው። ይህን ያየ ሰው «ዲስኩ ተበላሽቷል» ሊል ይችላል። እውነት ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የራሙን መጠን ይመልከት። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ብዙ ፕሮግራም ሲከፈትበት፣ ዊንዶውስ የተረፈውን ጭነት ወደ ዲስኩ እያወጣ መልሶም ከዚያ እያነሣ ይሠራል። የድሮው ዓይነት ዲስክ ደግሞ እየተሽከረከረ የሚነበብ ሳህን ስለሆነ፣ የሚያነበው ክንድ ከቦታ ወደ ቦታ ለመዝለል በአማካይ አሥር ሺኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ይኸውም በሰከንድ መቶ ያህል ዝላይ ብቻ ማለት ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ዲስክ ግን በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ ይመልሳል። እንግዲህ ገንዘብ ካለ አስቀድሞ የሚገዛው ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎም ራሙን 8 ጊጋባይት ማድረስ ነው። ሁለቱ ተደምረው ከአዲስ ኮምፒዩተር ዋጋ በእጅጉ ያንሳሉ።

ገንዘብ ከሌለስ? ያን ጊዜ ጭነቱን መቀነስ ነው። ታስክ ማኔጀር ውስጥ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ዝርዝር አለ። ለአንድ ጊዜ ስብሰባ የተጫነ የቪዲዮ መነጋገሪያ፣ ከፕሪንተር ጋር የመጣ ረዳት፣ የየፕሮግራሙ አዳሽ፣ ሁሉም ጠዋት ጠዋት ራም ይዘው ይቀመጣሉ። የማያስፈልጉትን ከዚያ ማጥፋት ፕሮግራሙን አይሰርዘውም፤ ሳይጠሩት እንዳይነሣ ብቻ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ግን ከባለሥራው ጋር ሳይነጋገሩ ሁሉንም ማጥፋት አይገባም። ፓወር ግዕዝን ከዝርዝሩ ያጠፋ ቴክኒሽያን፣ ጠዋት ደብዳቤ ልትጽፍ የተቀመጠችውን ጸሐፊ ያለ ፊደል ያስቀራታል።

ከዚሁ ጋር አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ብለን ማታ ስንዘጋ፣ ፈጣን አጀማመር የተባለው ቅንብር በርቶ ከሆነ ሥርዓቱ ውስጡን በዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል እንጂ ፈጽሞ አይዘጋም። ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ የሚጀምረው «ሪስታርት» ሲባል ነው። በየማታው የሚዘጋ ኮምፒዩተር ከሳምንት በኋላ የሚዝገው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በኔትወርክ በኩል፣ የኢንተርኔቱ መስመር ቀጭን በሆነበት ቢሮ 10 ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት እድሳት በየራሳቸው ሲያወርዱ መስመሩ ይታነቃል። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው ቅንብር በአንድ ቢሮ ኔትወርክ ያሉ ማሽኖች የወረደውን እርስ በርስ እንዲካፈሉ ያደርጋል። መስመሩ በሜጋባይት የሚከፈልበት ከሆነ ደግሞ ኔትወርኩን «ሚተርድ» ብሎ መመዝገብ አብዛኛው እድሳት ያለ ፈቃድ እንዳይወርድ ይገታል። ይህ ማለት እድሳቱ ይቅር ማለት አይደለም፤ ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት ይውረድ ማለት ነው።

ቅንብር የማይፈታው ነገርም አለ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ሙቀት የአሶሳን ሰው ብቻ አያደክምም። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ማሽን ጠዋት ደኅና ሠርቶ ከሰዓት በኋላ ከዘገመ፣ መድኃኒቱ ከፍቶ ማጽዳትና የደረቀውን የሙቀት ቅባት መለወጥ ነው። መብራትም እንዲሁ ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ በክልላችን ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሆኖም ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ፣ በየቢሮው ሳያቋርጥ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። መጻፍ ላይ ሳለ መብራት የተቋረጠበት ዲስክ መዝገቡ ሊዛባ ይችላልና፣ ዩፒኤስ የሌለው ማሽን ፍጥነቱ ቢስተካከልም ዕድሜው አስተማማኝ አይሆንም።

«ፍጥነት እንጨምራለን» የሚሉ የጽዳት ፕሮግራሞችን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይጫኑ። አብዛኞቹ ራሳቸው ጠዋት ከሚነሡት ጭነቶች አንዱ ይሆናሉ። ሁለት ጸረ ቫይረስ በአንድ ማሽን መጫንም እርስ በርስ እየተጠባበቁ ያዘገማል፤ አንዱ ይበቃል። ለፍጥነት ብሎ ጸረ ቫይረሱን ጨርሶ መዝጋት ግን፣ ፍላሽ ዲስክ ከቢሮ ቢሮ በሚዞርበት አገር፣ የሰውን የዓመት ሥራ ለአደጋ መስጠት ነው።

በመጨረሻ የማነሣው ዊንዶውስ 10ን ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል፤ ድርጅቶች ተጨማሪ የደኅንነት እድሳት እስከ 3 ዓመት የሚያገኙት በክፍያ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ከላይ ባልኳቸው ዘዴዎች ፍጥነታቸው የተመለሰ ብዙ ማሽኖች ወደ እርሱ ሊሻገሩ አይችሉም። ለእነዚህ የምመክረው፣ ሥራቸው ደብዳቤና ሠንጠረዥ ብቻ ከሆነ እንደ ኡቡንቱ ያለ ነጻ ሥርዓት መጫን፣ ያ የማይመች ከሆነም ከኢንተርኔት ነጥሎ ማሠራት ነው።

ስለዚህ ለንብረት አወጋገድ ኮሚቴዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማንኛውም ኮምፒዩተር «አርጅቷል» ተብሎ ሲቀርብ አንድ ገጽ ይያያዝበት፤ ለመነሣት የፈጀበት ጊዜ በስልክ ሰዓት ተለክቶ፣ የራሙ መጠንና የዲስኩ ዓይነት፣ በዘገመ ሰዓት ታስክ ማኔጀር ያሳየው ቁጥር፣ ጽዳትና ማስተካከያ ከተደረገለት በኋላ የተለካው ጊዜ ይጻፍበት። ከዚያ በኋላ ይወገድ ቢባል የምቃወም አልሆንም።