የጉድጓዱ ውሃ ሳይጎድል



በድሬዳዋ የደቻቱን ድልድይ የሚሻገር ሰው በዓመቱ አብዛኛው ወራት ከበታቹ የሚያየው ደረቅ አሸዋ ነው። ደራሽ ውሃ በመጣ ጊዜ ይኸው አሸዋ ምን እንደሚሆን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ታይቷል፤ በአንድ ሌሊት ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ጎርፍ እያገሣ ይመጣል፤ ድርቅ ግን ድምፅ የለውም። ከተማው የሚጠጣው በሳቢያንና በአካባቢው ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ስለ ሆነ፥ ወንዙ ደረቀ ብሎ የሚደነግጥ የለም።

ይህ የጉድጓድ ውሃ የሚተካው በደንገጎ በኩል ባለው ደጋ ላይ የወረደው ዝናም ወደ ምድር ሲሰርግ ነው። እንግዲህ የበልጉና የክረምቱ ዝናም ቢጎድል ጉዳቱ ከቧንቧው ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በዚህ መካከል አንድ መሥሪያ ቤት «ችግር የለም» ብሎ ቢጽፍ፥ የጻፈው ለጊዜው እውነት ይሆናል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

የጎረቤታችንን የሐረማያን ሐይቅ እናስብ። ሐረር ለብዙ ዘመን ከእርሱ ስትጠጣ ኖራለች። ሐይቁ ለመስኖ እየተቀዳ፥ በደለልም እየተሞላ፥ በሁሉ ፊት አንሶ አንሶ በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ደረቀ። ሐረርም ከድሬዳዋ አጠገብ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ውሃ ሽቅብ ወደ ደጋ ማስወጣት ግድ ሆነባት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሐይቁ ውሃ መታየቱ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም የሁለት ከተሞች ጥም በአንድ ቆላ ላይ መውደቁን አንርሳ።

በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ከተማ በ2010 ዓ.ም. ውሃ ሊያልቅባት በተቃረበ ጊዜ፥ ለአንድ ሰው በቀን ከ50 ሊትር እንዳይበልጥ ደነገገች፤ የግድቦቹንም ልክ በየሳምንቱ ለሕዝብ አስታወቀች። ግድብ በዓይን ይታያል። ጉድጓድ ግን ካልለኩት አይታይም።

ስለዚህ የእያንዳንዱ ጉድጓድ የውሃ ልክ በየወሩ ተለክቶ ከዝናሙ መዝገብ ጎን ይጻፍ፤ ልኩም ለሕዝብ ይገለጥ። ውሃው እስከዚህ ቢወርድ የመኪና እጥበትና የአትክልት ማጠጣት ይቁም፤ ከዚያም ቢወርድ በየሠፈሩ በተራ ይታደል፤ ሆስፒታሎች ግን አይቋረጥባቸው የሚል ደንብ ዛሬ፥ ውሃ ሳለ፥ ይፈረም። በችግር ቀን የሚረቀቅ ደንብ የሠፈርና የሠፈር ሙግት ይሆናል። (የድሬዳዋ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያጠበ ሁሉ ያውቃል፤ ይኸው ኖራ ቧንቧውንም ይደፍናልና የጥገናው ገንዘብ ከበጀቱ አይቀነስ።) መለኪያውን ይዞ በየወሩ ወደ ጉድጓዱ የሚሄደው ሠራተኛም የትራንስፖርቱና የአበሉ ነገር አስቀድሞ ይታሰብለት፤ እርሱ በቀረበት ወር ሹሙ የሚፈርመው በግምት ነው።