መሐንዲሱና የምጣኔ ሀብት ትምህርት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ታናሽ ወንድሜ በዩኒቨርሲቲ ኤኮኖሚክስ ለማጥናት መወሰኑን በነገረኝ ጊዜ፣ «ሒሳብ የምትችል ልጅ ሆነህ ምህንድስናን እንዴት ትተዋለህ?» ብዬ ተቆጥቼው ነበር። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ያን ቁጣዬን ለማረም ነው።

ያረመኝ የገዛ ሥራዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የገጠር ቀበሌ በናፍጣ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ተከላ ነድፌ ነበር። የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የቧንቧው ስፋት፣ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ በትክክል ተሰልቷል። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፓምፑ ቆመ። የተሰበረ ዕቃ አልነበረም፤ የናፍጣውን ዋጋ ከዓመት ዓመት ማን እንደሚችለው ግን አላሰላሁም ነበር። እናቶችም እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ተመለሱ።

የኤኮኖሚክስ ተማሪ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ የሚማረው፣ የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋ ስለ እርሱ ሲባል የቀረው ሌላ ነገር መሆኑን ነው። ጊዜም ዋጋ እንዳለው ይማራል። ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100,000 ብር፣ በዓመት 10 በመቶ ወለድ ሲታሰብ፣ የዛሬ ዋጋው 15,000 ብር እንኳ አይሞላም።

ይህ ትምህርት ለሙያችን ባዕድ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. የሕዝብ ሥራዎች ጥቅም እንዴት እንደሚለካ የጻፈው ፈረንሳዊው ዡል ዱፑዊ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነበር። የድልድይ ጥቅም በመሻገሪያው ክፍያ ገቢ ብቻ እንደማይለካ አስረድቷል፤ ከተጠየቀው በላይ ለመክፈል የሚፈቅድ ተሻጋሪ ትርፍ ያገኛልና፣ ክፍያው ከብዶት የቀረውም ጥቅሙን ያጣልና። ጣሊያናዊው ቪልፍሬዶ ፓሬቶም አስቀድሞ መሐንዲስ ነበር።

እርግጥ ነው፣ በወረቀት ላይ የተሳለ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር ጉድጓድ አይቆፍርም። ስለዚህም ወንድሜን በዕረፍቱ ወራት ወደዚያ ቀበሌ ወሰድኩት። እኔ ሞተሩን ሳሳየው እርሱ ወደ እናቶቹ ሄዶ፣ ወንዝ ደርሶ መመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ያ ሰዓት ቢተርፋቸው ምን ሊሠሩበት እንደሚችሉ ጠየቃቸው። ከዚያም፣ «ጋሼ፣ ፓምፑ ሊያወጣ የሚችለው ዋጋ እዚህ ላይ ነው ያለው» አለኝ። እኔ የፈረስ ጉልበት ቆጥሬ ነበር፤ የእነርሱን ሰዓት ግን አልቆጠርኩም።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ የምጣኔ ሀብት ምሩቅን ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን የመጀመሪያው መስመር ሳይሰመር እንጥራው። ልጆቻችንም ይህን ትምህርት ሲመርጡ እንደ እኔ አንቆጣቸው።