ወንበሩና ፎጣው

(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ መሪነት እንድንናገር ስንጋበዝ በዚህ አዳራሽ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ ልንሰብክ አልቆምንም። ካደግንበት ከጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ለማኅበራችን ይበጃል ያልነውን፣ ጉድለታችንንም ጨምረን፣ ልናካፍላችሁ ነው።

ከሰፈራችን እንጀምር። ኒር ኢስት ሳይድ የጥቁር አሜሪካውያን ነባር ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኢንተርስቴት 71 አውራ ጎዳና ሲሠራ ሰፈሩን ከመሐል ከተማ ቆርጦ ለየው፤ በማውንት ቨርነንና በሎንግ ስትሪት የነበረው ንግድም ተዳከመ። ጸሎት ቤቶች ግን ዛሬም አሉ። ከእነርሱ መካከል ጴንጤቆስጤ የሆኑት ታሪካቸውን የሚያያይዙት በ1906 በሎስ አንጀለስ፣ በአዙሳ ስትሪት ከተነሣው መነቃቃት ጋር ነው። የዚያ ጉባኤ መሪ ዊልያም ሲሞር በባርነት ከኖሩ ወላጆች የተወለደ ሰው ነበር። ምስባኩ ከእንጨት ሣጥኖች የተሠራ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ጭንቅላቱን ከሣጥኑ ውስጥ አስገብቶ ይጸልይ እንደነበር ያዩት ጽፈዋል።

በአገራችንም የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1967 ዕውቅና ጠይቃ ተከለከለች፤ በ1972 በአዲስ አበባ 250 ያህል አማኞች ታሰሩ። በደርግ ዘመን ደግሞ፣ ከሜኖናይቶች ተወልዳ በመንፈስ ቅዱስ መነቃቃት ያደገችው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1982 ተዘጋች። ንብረቷ ተወረሰ፤ ዋና ዋና መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ምእመኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆነ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተሰበሰበ። ሴቶችና ወጣቶች አስተማሩ። ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት፤ ደርግ በወደቀበት በ1991 ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

ልብ በሉ፤ ያ እድገት የመጣው ማይክሮፎንና ማዕረግ በሌለበት ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ቤት አስተናጋጅ፣ አስተማሪና ጠያቂ ያስፈልገው ስለነበር ሁሉም አገልጋይ ሆነ። ሰው በመንፈስ የሚያድገው ስብከት በመስማት ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሸክም ሲሸከምም ነው።

ነፃነት ሲመጣ ሌላ ፈተና መጣ። በአገር ቤትም በስደትም «ነቢይ»፣ «ሐዋርያ» የሚለው ማዕረግ በዛ። እኛም እዚሁ አሜሪካ፣ ማን ይምራ በሚል ክርክር አንድ ጉባኤ ለሁለት ሲከፈል እያየን ዝም ብለናል። የተከራከሩት ትልልቆቹ ነበሩ፤ ጓደኞቻቸውን ያጡት ግን ልጆቻችን ናቸው። ያንን ዝምታችንን ዛሬ እንደ ጥፋት እንቆጥረዋለን።

ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመኑን እግር ሲያጥብ ያያሉ፤ በመሠረተ ክርስቶስም የእግር ማጠብ ሥርዓት አለ። መነሻው አንድ ነው፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13። ጌታው ፎጣ ታጥቆ ጎንበስ አለ።

አሁን ወደ ማኅበራችን እንምጣ። በእነዚህ አሥር ዓመታት አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሮጠው፣ አዲስ የመጣውን ሰው ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቢሮ ወስዶ ያስተረጎመለት፣ ከሌሊት ሥራ ወጥቶ የአዳራሹን ወንበር ያጠፈው ስንት ሰው ነው? በጣት የሚቆጠር ነው። ምርጫ ሲደርስ ግን ወይ ወንበሩን እንሸሻለን፣ ወይ እንጣላበታለን። እነዚያ ጥቂቶች ሲደክሙ ማኅበሩም አብሮ ይወድቃል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ተመራጭ ሁሉ አንድ የጉልበት ሥራ ይያዝ። ሁለተኛ፣ አንድ ወጣት አብሮት እያሠራ ያስለምድ፤ መሠረተ ክርስቶስን ያቆማት መሪዎቿ ሲታሰሩ የሚተካ ሰው መኖሩ ነውና። ሦስተኛ፣ የማኅበሩ ሒሳብ በየሦስት ወሩ ለአባላት ይነበብ። አገልጋይ ሒሳብ ሲጠየቅ አይቆጣም።

እኛም ዛሬ ማታ ወንበር በማጠፍ እንጀምራለን፤ የሚያግዘን ካለ ደስ ይለናል።

ለሃያኛው ዓመት ያድርሰን።