ከመግዛት በፊት ሰሌዳውን ማንበብ




እንደ ከሚሴና ባቲ ባለ ሞቃታማ አካባቢ የታለበ ወተት ካልቀዘቀዘ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ወተቱን ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያወርድ ማቀዝቀዣ ለማኅበር ትልቅ ሀብት የሚሆነው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የተሠራበት የኤሌክትሪክ ኃይል ከአገራችን ጋር ካልተስማማ፣ በአባላት ዕጣ የተገዛው ንብረት በተሰካ ዕለት ሊቃጠል ይችላል።

በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚደርሰው ኃይል 220 ቮልት ነጠላ ፌዝ፣ ለወፍጮና ለትልልቅ ሞተሮች የሚደርሰው 380 ቮልት ሦስት ፌዝ ሲሆን፣ የሁለቱም ድግግሞሽ 50 ሄርዝ ነው። በአሜሪካ የቤት ኃይል 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ለሥራ የሚሄዱባት ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ለረጅም ዘመን በ127 ቮልት ስትጠቀም ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 230 ቮልት ለመዞር ወስናለች፤ ድግግሞሹ ግን 60 ሄርዝ እንደሆነ ነው።

ብዙ ሰው «ትራንስፎርመር ካለ ችግር የለም» ይላል። ትራንስፎርመር ቮልትን ይለውጣል፤ ሄርዝን ግን አይለውጥም። ለ220 ቮልትና 60 ሄርዝ የተሠራ ኮምፕረሰር በእኛ መስመር ላይ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል። በአንጻሩ ለ460 ቮልትና 60 ሄርዝ የተሠራ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር፣ አምራቹ ከፈቀደ፣ በ380 ቮልትና 50 ሄርዝ ሊሠራ ይችላል። ምክንያቱም ቮልቱም ሄርዙም በተቀራራቢ መጠን ቀንሰዋል። ያም ሆኖ ወተቱን በ3 ሰዓት ያቀዘቅዝ የነበረው ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል።

በሽቦ የሚያሞቁ የውኃ ማሞቂያና ምድጃ ሄርዝ አያስቸግራቸውም፤ ቮልት ግን ያጠፋቸዋል። የ120 ቮልት ማሞቂያ በ220 ቢሰካ ከተሠራለት ከ3 እጥፍ በላይ ኃይል ስለሚወስድ ወዲያው ይቃጠላል።

መሣሪያው ተስማሚ ቢሆንም እንኳ ከትራንስፎርመር በራቀ ቀበሌ ሌላ ችግር አለ። የማታ ወተት የሚሰበሰበው ሁሉም ቤት መብራትና ምድጃ በሚያበራበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ቮልቱ ይወርዳል፤ ኮምፕረሰሩ መነሳት አቅቶት ያጓራል፣ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል። ስለሆነም ቮልት ሲወርድ ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያና አቅሙ የተመጠነ ስታቢላይዘር ከመሣሪያው ጋር አብሮ መገዛት አለበት።

በመሆኑም የግዥ ኮሚቴ ውል ከመፈረሙ በፊት በመሣሪያው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ አራት ነገሮችን ይመዝግብ፦ ቮልት፣ ፌዝ፣ ሄርዝና አምፔር። ከዚያም በአካባቢው ባለው መስመር ሊሠራ መቻሉን የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ ያረጋግጥ። በእርዳታ የሚመጣ መሣሪያም ከዚህ ነጻ አይደለም። የማይሠራ ስጦታ መጋዘን ያጣብባል፣ ወተቱም በጀሪካን እንደተሞላ ይበላሻል።